ከመቃብር የተነሣች ልጅ

ባለፈው ክረምት ፍኖተ ሰላም ቤተ ሰቦቼ ዘንድ ሳለሁ አንድ ልብ ወለድ ጀምሬ ነበር። ልጅቱ ትሞታለች፤ ከመቃብር ትነሣለች፤ ወዳጇ ይዟት ወደ ቡሬ ይሸሻል። ሐሳቡን ያገኘሁት ከፊልም ነው፤ ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 ካወጣው።

ለአያቴ ባነብላት ሣቀች። «ይህማ የኛው ነው! ቡዳ እኮ ሬሳ አውጥቶ ያገለግልበታል፤ እንግዳ ሲመጣ እንስራ አድርጎ ጓዳ ያስቀምጠዋል።» ደስ አለኝ፤ ያገር ቤት ዞምቢ ተገኘ!

«ቡዳው ማን ይሁን፣ እምዬ?» አልኋት።

«ማን ይሆናል ልጄ፣ ሸክላ ሠሪ ነዋ።»

ብዕሬ እዚያ ላይ ቆመ። የምወዳት ልጅ እናት ሸክላ ሠሪ ናቸው። ያን ዕለት ቡና የፈላበት ጀበናም የእጃቸው ሥራ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ከዚሁ ከማንኩሳ አንሥተው፣ ከሰብለ ወንጌል ጋር መቃብር አድርሰውታል። የለያያቸው ጭራቅ አልነበረም፤ «የማን ዘር ነው?» የሚል ጥያቄ እንጂ።

ታሪኬን እንደገና ጀምሬዋለሁ። ሙታኑ ይነሣሉ፤ ሰፈሩ ሸክላ ሠሪዋን ይከሳል። ጥንዶቹ የሚሸሹት ሙታኑን ሳይሆን ዱላ ይዘው የሚመጡትን ጎረቤቶች ነው።

ለአያቴ ገና አላነበብሁላትም።