«እኔም ብመጣስ?»

የ2011 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። ሰማዩ ጠርቷል፣ አደይ ሜዳውን አልብሶታል። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ «እሑድ እንጦጦን በእግር እንውጣ» አሉ። ሩጫ የለ፣ ጥድፊያ የለ፤ ከሽሮ ሜዳ ተነሥተን እያወጋን ማርያም ድረስ መውጣት፣ ዳቦ ቆሏችንን በልተን መመለስ። ቅዳሜ ማታ ቡና ላይ ለእናቴ ነገርኳት። ሁለተኛውን እየቀዳች፣ ዓይኗን ከስኒው ሳታነሣ፣

«እኔም ብመጣስ?» አለችኝ።

እናቴ እንጦጦን አሥራ ስምንት ዓመት ወጥታዋለች። እንጨት ለቃሚ ነበረች። እኔን አብልቶ ያሳደገኝ፣ ደብተር የገዛልኝ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ነው። ሳይነጋ ትወጣለች፤ ረፋዱ ላይ ከቁመቷ የሚረዝም እስር አዝላ፣ መሬት መሬት እያየች ትወርዳለች። ገመዱ ትከሻዋ ላይ የተወው ጠባሳ ዛሬም አለ። የዚያን ዕለት ማታ ዝም ስላት ጊዜ፣ «ሸክም ሳላዝል አንድ ቀን እንኳ ወርጄው አላውቅም እኮ» ብላ ጨመረችልኝ።

እኔ «ይደክምሻል እማዬ» አልኳት።

ሠላሳ ኪሎና ከዚያ በላይ አዝላ ስትወርድ የኖረችውን ሴት፣ ባዶ እጇን ይደክምሻል አልኳት። ምክንያቴ ሌላ ነበር። ባልደረቦቼ ስለ እናቴ ሲጠይቁኝ «ትነግድ ነበር» ብዬ ነበር የማልፈው። መንገድ ላይ የድሮ ጓደኞቿ ሸክማቸውን እንዳዘሉ ስሟን ጠርተው ሲያቅፏት በዓይኔ መጣብኝ። አፈርኩባት። ገባት መሰለኝ፣ «ልክ ነህ ልጄ፣ ለጉልበቴም አይሆን» ብላ ወሬውን ለወጠችው። ጠዋት ስወጣ ነጭ ነጠላዋ ታጥባ ገመድ ላይ ተሰጥታ አየሁ። ሳትጠይቀኝ በፊት ነው ያጠበቻት።

ጉዞው ያማረ ነበር። ከላይ ሆነን በምዕራብ ወጨጫን፣ በምሥራቅ የረርን፣ በደቡብ ርቆ ዝቋላን አየን። ታሪክ የሚወድ አንድ ባልደረባችን ማርያም ግቢ ውስጥ አስቀምጦ አወጋን፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የምኒልክ ከተማ እዚህ እንደነበረች፣ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት በዚችው ቤተ ክርስቲያን መሆኑን፣ ዛፉ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተጨፈጨፈ ሲመናመን ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ እንደተተከለ። ሁሉም አፉን ከፍቶ ሰማው። እኔም ሰማሁ። በዚያ ባሕር ዛፍ ስንቱ ቤት እንደኖረ፣ የስንቱ ሰው እንጀራ በቅጠሉ እንደተጋገረ የምትነግረን ሰው ግን ቤት ቀርታለች።

ስንወርድ አንዲት እንጨት ተሸካሚ ዘንድ ደረስን። ተሸካሚ ሸክሟን መሬት ላይ አታወርድም፤ ብቻዋን ከሆነች መልሳ አትነሣበትም። ወገብ የሚደርስ ድንጋይ ትፈልግና ጀርባዋን ሰጥታ እስሩን ታስደግፋለች፤ ገመዱን ሳትፈታ ቆማ ትተነፍሳለች። ሴትዮዋ እንዲያ ነበር ያረፈችው። አንዷ ባልደረባዬ በኀዘን እያየቻት «ይሄ ስንት ኪሎ ይሆን?» አለች። ማንም አላወቀም። እኔ አውቅ ነበር። እንዴት እንደሚታሰር፣ ገመዱ የት ላይ እንደሚያርፍ፣ ቁልቁለቱ ላይ እግር እንዴት እንደሚረገጥ ከእናቴ ሰምቼ አውቅ ነበር። ዝም አልኩ። ሴትዮዋን ቀና ብዬ እንኳ ሰላም አላልኳትም።

ማታ ስገባ እናቴ «እንዴት ነበር?» አለችኝ። «ጥሩ ነው» አልኳት። «ድንጋያችንን አየኸው?» አለች። የትኛውን ድንጋይ እንደምትል አልጠየቅኳትም፤ ደክሞኝ ነበርና ተኛሁ።

«ሌላ ጊዜ እወስዳታለሁ» እያልኩ ሦስት ዓመት አለፈ። መስከረም በመጣ ቁጥር አንድ ሥራ አያጣኝም። በ2014 ዓ.ም. የዓይን ግፊት፣ ሐኪሞቹ ግላኮማ የሚሉት፣ የሁለቱንም ዓይኗን ብርሃን ወሰደው። ግላኮማ ያጠፋውን ብርሃን መድኃኒት አይመልሰውም። በዚያው ሰሞን ጉልበቷም እምቢ አላት።

አሁን ፀሐይ ስትሞቅ ፊቷን ወደ ተራራው አዙራ ስለዚያ መንገድ ታወራኛለች። ከድንጋያቸው ትንሽ ከፍ ብላ ውሃ የሚጠጡባት ምንጭ ነበረች። ከምንጯ በታች፣ አንዲት ጓደኛዋ ምጥ የያዛት ቦታ አለ፤ ሸክሟን ተከፋፍለው እሷን ደግፈው አወረዷት። ሁሉም የሚነገረው ከድንጋዩ ተነሥቶ ነው፦ ከድንጋዩ በላይ፣ ከድንጋዩ በታች፣ ከድንጋዩ በስተ ግራ። እኔ ድንጋዩን አላውቀውም። ሦስት እሑድ ብቻዬን ወጥቼ ፈለግኩ፤ ወገብ የሚደርስ ድንጋይ እንጦጦ ላይ ስንት አለ! «ይሄ ነው» ብላ ጣቷን ልትቀስርልኝ ፈልጋ ነበር፤ ያን ጊዜ ዓይኗም ጉልበቷም ነበራት።

በዓል ሲሆን በመኪና ማርያም ደጅ ድረስ አደርሳታለሁ። ያችኑ ነጭ ነጠላ ትለብሳለች፤ ትሳለማለች፤ የባሕር ዛፉን ሽታ ትስባለች፤ በመኪና እንመለሳለን። እናቴ እንጦጦን ባዶ ጀርባዋን፣ በእግሯ፣ አንድም ቀን ወርዳው አታውቅም።