ከጀብራ እስከ አባይ፤ በሌሊት በብስክሌት

የካርቱም የቀን ሐሩር ብስክሌት አያስነዳም፤ በኅዳር ወር ግን ምሽቱ ቀዝቀዝ ይላል። ብዙ ወገኖቻችን ይኖሩበት ከነበረው ከጀብራ ሠፈር ተነሥተን፣ ሦስት ሆነን በሁለት ብስክሌት፣ ጥቁርና ነጭ አባይ ወደሚገናኙበት ሥፍራ በሌሊት እንጓዝ ነበር። አገሩ ሜዳ ነው፤ ጎንደሬው ጓደኛችን ዳገት ቢናፍቀው አይፈረድበትም። አስቸጋሪው አሸዋው ነው፤ ጎማው ሲሰምጥ ወርዶ መግፋት ግድ ይሆናል። ክረምቱን አፈራችንን ተሸክሞ የሚደፈርሰው ጥቁር አባይ፣ ከጣና 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ በኅዳር ጠርቶ እዚያ ይደርሳል። ሚስቶቻችን ለቡና የሚሆን ውሃ ቀድተን እንድንመለስ ጠርሙስ ያሲዙን ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ በመተማ በኩል አገራችን ገባን። ብስክሌቶቹ ከግቢው በር ጋር ታስረው ቀሩ፤ ቁልፎቹ ግን ከእኛ ዘንድ ናቸው።