ውሻውን ያጠበው እጅ

ውሻ የግቢ፣ ድመት የጓዳ ናት። በኢትዮጵያ የከተማ ቤተሰብ ዘንድ ይህ ድንበር ሳይጻፍ የኖረ ሕግ ነው። ውሻ ከደጅ ሆኖ ቤት ይጠብቃል፤ ድመት ከውስጥ ሆና አይጥ ትይዛለች። የሁለቱም ደመወዝ ፍርፋሪ ነው። ገላቸውን ማጠብ ግን ከባለቤቱ ግዴታዎች መካከል እምብዛም ተቆጥሮ አያውቅም፤ «ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» እንዲሉ፣ ውሻንና ሳሙናንስ ምን አገናኛቸው ተብሎ ይታለፋል። ስለሆነም አንድ ቀን ውሻውን ለማጠብ የተነሣ ሰው ከማን እንደሚማር አያውቅም። እጁ የለመደው የልብስና የልጅ አጠባ ብቻ ነውና በዚያው ይጀምራል።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምሩ የነበሩ መምህር የደረሰባቸውም ይኸው ነው። መምህሩ በንጽሕና ጉዳይ የማይደራደሩ ሰው ነበሩ። ዘወትር ሰኞ ጠዋት ተማሪዎች በሰልፍ ላይ ሳሉ ጥፍራቸውንና አንገታቸውን ይመረምራሉ፤ የቆሸሸውንም ታጥቦ እንዲመለስ ወደ ቤቱ ይሰዱታል። በግቢያቸው ቡቺ የሚባል ውሻና ልጃቸው ከጨቅላነቷ ያሳደገቻት ግራጫ ድመት ነበሩ። ተረቱ ሁለቱን ባላንጣ ቢያደርጋቸውም፣ እነዚህ ግን በአንድ ኬሻ ላይ ተጠጋግተው የሚያድሩ ወዳጆች ነበሩ።

በአንድ የበዓል ዋዜማ፣ ቀኑ ወደ ማምሻው ሲያዘነብል፣ ቡቺ ጎኑን ያለ ዕረፍት ሲያክ መምህሩ አዩት። ጠጉሩን ገለጥ ቢያደርጉ ቁንጫ ይርመሰመሳል። በነጋታው እንግዳ ይመጣል። ከበርሚል ቀዝቃዛ ውኃ ተቀዳ፤ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና ተበጠበጠ፤ በመጨረሻም ለትኋን የተገዛው ማላታይን ከመደርደሪያ ወረደ። መጠኑን የለኩት በዓይናቸው ነበር። «እኛ በምንተኛበት አልጋ ላይ ተረጭቶ ምንም ያላደረገን፣ ውሻን ምን ያደርገዋል?» አሉ። ቡቺ ሲንቀጠቀጥ «ብርዱ ነው» ብለው አለፉት፤ ሲያጉረመርምም ተቆጡት። ፀሐይ ስትጠልቅ ውሻው ነጭ ሆኖ፣ ነገር ግን እንደ ራሰ፣ ወደ ኬሻው ተመለሰ። ድመቷም እንደ ልማዷ መጥታ አጠገቡ ተኛች፤ ጠጉሩንም ስትልስለት አመሸች።

በማግሥቱ ድመቷ ለሐጯ እየተዝረበረበ፣ እግሮቿ እየተንቀጠቀጡ ተገኘች። እኩለ ቀን ሳይሞላ ሞተች። ቡቺ የሆዱ ቆዳ ቀልቶ፣ ሁለት ቀን እህል ሳይቀምስ ሰነበተና ነፍሱ ተረፈ። የስምንት ዓመት ልጃቸው ያነሣችው ጥያቄ አጭር ነበር።

«አባዬ፣ የታጠበው ቡቺ አይደለም እንዴ? እሷ ለምን ሞተች?»

መምህሩ ለጠያቂ ሁሉ መልስ በመስጠት የኖሩ ሰው ነበሩ። በዚያን ቀን ግን መልስ አጡ።

ቡቺን ለማሳየት ወደ እንስሳት ክሊኒክ በሄዱ ጊዜ የተቀበለቻቸው ሐኪም የቀድሞ ተማሪያቸው ሆና ተገኘች። በ1979 እ.ኤ.አ. በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ በተቋቋመው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ የተማረች ናት። «መምህር፣ ይቀመጡ እንጂ» ብላ ወንበር ሰጠቻቸው። ታሪኩን ከሰማች በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች።

«ድመት ገላዋን የምታጸዳው በምላሷ ነው» አለች። «በእሷም ሆነ አብሯት በሚተኛው ገላ ላይ የፈሰሰ ነገር መድረሻው ሆዷ ነው። እርስዎ ያጠቡት ውሻውን ነበር፤ መርዙን የላሰችው ግን እሷ ናት።»

ከዚያም እንዲህ አስረዳቻቸው። ማላታይን የነርቭን መልእክት በጊዜው የሚያቆመውን ኢንዛይም ያግዳል፤ ስለዚህ ነርቭ ያለ ማቋረጥ ያዝዛል፤ ለሐጭ ይጎርፋል፤ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል። መርዙ በአፍ ብቻ ሳይሆን በቆዳም ይገባል። የውሻ ቆዳ ጠጉር ስለ ለበሰ ወፍራም ይመስላል እንጂ ከሰው ቆዳ የሳሳ ነው። ለልብስ የተሠራ ሳሙና ቅባቱን ጠርጎ ያደርቀዋል፤ ቆዳውም ያሳክካል። በውሻው ላይ የሚታየው ቁንጫም የጠቅላላው ጥቂት ክፍል ነው፤ እንቁላሉና እጩ በኬሻውና በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ይቀራሉ። መኝታውን ሳያጸዱ ገላውን ብቻ ማጠብ ቁንጫውን ለአንድ ሰሞን ማራቅ ነው።

መምህሩ ከኪሳቸው ደብተር አውጥተው እንደ ተማሪ ይጽፉ ጀመር። ሐኪሟም ቀጠለች። አስቀድሞ ጠጉሩ ይበጠራል፤ የተቋጠረ ጠጉር ውኃ ሲነካው ይብስ ይጠብቃልና። ውኃው ለብ ያለ ይሁን። እግሩ እንዳይንሸራተትና እንዳይደነግጥ ከሳፋው ሥር ጨርቅ ይነጠፍ። ውኃ ከጆሮው ገብቶ እንዳያቆስል በራሱ ላይ አይፈስስም፤ ፊቱ በራሰ ጨርቅ ይጠረጋል። ለእንስሳት የተዘጋጀ ሻምፑ እስኪለቅ ድረስ ደጋግሞ ይለቀለቃል። ጥፍሩ ቢረዝም ጫፉ ብቻ ይቆረጣል፤ ከውስጡ ደም የሚመላለስበት ሕያው ክፍል አለና። የቁንጫ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ፣ በክብደቱ ልክ ይሰጣል፤ የውሻው መድኃኒት ለድመት አይሰጥም። ጤነኛ ድመት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማበጠሪያ እንጂ ገላ መታጠብ አያስፈልጋትም።

በመጨረሻም «ለእብድ ውሻ በሽታ ተከትቧል?» ብላ ጠየቀቻቸው። አልተከተበም ነበር። ቡቺ ከቆዳው ሲያገግም ለክትባት እንዲያመጡት ቀን ቆረጠችላቸው። «ሲያጥቡት ቢነክስዎ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡት፤ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ» አለቻቸው።

ሁለት ወር አለፈ። በአንድ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ሳፋው እንደገና ከግቢው መካከል ወጣ። መምህሩ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ እንዳላት፣ ፀሐይ ስትጠልቅም ብርዱ ወዲያው እንደሚመጣ ለተማሪዎቻቸው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ውሻቸውን ግን በማምሻው፣ በበርሚል ውኃ አጥበውት ነበር። አሁን ሰዓቱን የመረጡት ጥላን አይተው ነው። ኬሻው በፈላ ውኃ ታጥቦ ተሰጥቷል። ቡቺ ሳፋውን ሲያይ ወደ ኋላ አፈገፈገ። መምህሩ አልጎተቱትም፤ ቁጢጥ ብለው እጃቸውን ዘረጉለት፤ እስኪያሸትተውም ጠበቁ።

ልጅቷ ከበረንዳው ላይ ቆማ ትመለከት ነበር። ጥቂት ቆይታ ወረደች፤ እጅጌዋን ሰብስባ ክርኗን ከውኃው ነከረች።

«አባዬ፣ ትንሽ ይሞቃል።»

መምህሩ ቀዝቃዛ ውኃ ጨመሩበት። እሷም እንደገና ነከረችና «አሁን ይሁን» አለች። አጠባው ከፊተኛው ሦስት እጥፍ ጊዜ ወሰደ። ቡቺ በፎጣ ደርቆ፣ ፀሐይ ላይ ጋደም ብሎ አንቀላፋ። ስለ ድመቷ ማንም ምንም አልተናገረም።

በማግሥቱ ሰኞ ነበር። መምህሩ በሰልፉ መካከል እያለፉ ሳለ አንገቱ ያደፈ አንድ ተማሪ አዩ። ልጁ እንደ ልማዱ ደብተሩን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ሊመለስ ተሰናዳ። እርሳቸው ግን ትከሻውን ያዝ አድርገው፣ ሌሎቹ በማይሰሙት ድምፅ፣ «ለመሆኑ ቤታችሁ ውኃ አለ?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁ ራሱን ነቀነቀ፤ ከሳምንት በላይ እንደ ሆነው ተናገረ። መምህሩ በዚያ የትምህርት ዘመን ሁሉ ይህን ጥያቄ ለአንድ ልጅ እንኳ አቅርበው አያውቁም ነበር።