በባሕር ዳር፥ በእጅ የሚነበብ ፊደል

ባሕር ዳር የገባ መንገደኛ አስቀድሞ ዓይኑን የሚያሳርፈው በጣና ላይ ነው። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል በሚሰፋው በዚህ ሐይቅ ዳር ታንኳ ሠሪዎች ደንገል ሲያስሩ ይታያሉ፤ ልጅም ከአባቱ አጠገብ ቆሞ፥ እጁን እያየ አስተሳሰሩን ይማራል። እንዲህ በዓይንና በእጅ የሚተላለፍ ትምህርት በከተማው ውስጥ በሌላም ስፍራ ይገኛል።

ባሕር ዳር የመምህራን ከተማ ናት። በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ ቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የመምህራን ኮሌጅ መነሻው የፔዳጎጂ አካዳሚ ስለ ነበረ፥ ግቢው እስከ ዛሬ «ፔዳ» ይባላል። ዕጩ መምህራን ከማስተማራቸው በፊት በየትምህርት ቤቱ ተቀምጠው የነባሮቹን አሠራር ይመለከታሉ። እኛም ከአንድ ዕጩ መምህር ጋር መስማት የተሳናቸው ሕፃናት ከሚማሩበት ክፍል ገብተን በስተኋላ ተቀመጥን።

ወንበሮቹ በግማሽ ክብ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ልጅ የመምህርቲቱንም የጓደኞቹንም እጅ ማየት አለበትና። መምህርቲቱ መስኮቱን ከኋላቸው አድርገው አይቆሙም፤ ብርሃን ከኋላ ሲመጣ ፊትና እጅ ይጨልማል። በሰሌዳው ላይ ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ዞረው፥ የሁሉም ዓይን ወደ እርሳቸው እስኪመለስ ይጠብቃሉ። ልጅ መጽሐፉንና የመምህሩን እጅ በአንድ ጊዜ ሊያይ አይችልምና፥ በዚያ ክፍል ትዕግሥት እንደ ጠመኔ በየሰዓቱ የሚያስፈልግ መሣሪያ ነው።

የፊደሉ ነገር ይበልጥ ያስደንቃል። በአማርኛው የጣት ፊደል የእጁ ቅርጽ የፊደሉን ዘር ያመለክታል፤ እንቅስቃሴው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን 7ቱን ይለያል። በልጅነታችን በዜማ የቈጠርነው «ለ፥ ሉ፥ ሊ» በአንዲት ሕፃን ጣቶች ላይ ተራውን ሳይስት አለፈ።

ዕጩው መምህር በማስታወሻው መጀመሪያ ላይ ልጆቹ የማይችሉትን ዘርዝሮ ነበር። በመጨረሻው ገጽ የጻፈው ግን ማን ማንን እንደ ረዳ፥ ለማን በስንተኛው ሙከራ እንደ ገባው፥ መምህርቲቱም ስንት ጊዜ እንደ ጠበቁ ነበር። የመምህርነት ሥራ ዋናው ነገር ይህ ይመስለናል፤ ዕውቀት ወደ ልጁ የሚገባበትን በር መፈለግ።

የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ይህን ከጥንት ያውቀዋል። ማየት የተሳነው ተማሪ በጎጃም የቅኔ ቤት ተቀምጦ በጆሮው ተምሯል፤ ከየኔታ አፍ የሰማውን በልቡ ይዞ መምህር እስከ መሆን ደርሷል። መስማት ለተሳነው ግን የጆሮው በር ዝግ ነውና፥ በዓይኑ በኩል ሊከፈትለት ይገባል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ እንዲህ ያለው ልጅ እንግዳ በመጣ ቍጥር ከጓዳ አይሸሸግ። ቋንቋ በልጅነት ካልተያዘ በኋላ እጅግ ይከብዳል፤ ያለ ቋንቋ ያለፈ ዓመትም አይመለስም። ወደ ትምህርት ቤት ውሰዱት፤ እናንተም ምልክቱን አብራችሁት ተማሩ፤ በክፍሉ ተናጋሪ የሆነው ልጅ በእናቱ ማዕድ ዙሪያ እንግዳ ሆኖ እንዳይቀር።