ስድቡን ቻለው፣ ቁልቁለቱን ግን አትቀበለው!

ጤፍ ጭኖ ከሞጣ የተነሳ መኪና መንገዱ ያዘናጋዋል። ጮቄን በስተቀኝ እያዩ ደብረ ወርቅን፣ ቢቸናን፣ የትመንን ማለፍ ነው። አዲሱ ሾፌር መሪ የሚጨብጠው እዚህ ሜዳ ላይ ነው። አጠገቡ ያለው አለማማጅ ደግሞ ወይ ይተኛል፣ ወይ «እኔም እንዲህ ተሰድቤ ነው የለመድኩት» እያለ ያዋርደዋል። ይሁን፣ ስድብ ቢቸና ላይ ሻይ ሲጠጣ ይረሳል።

የማይረሳው ከደጀን በታች ያለው ነው። ወደ ዓባይ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ክፉ አለማማጅ «ነዳጅ ቆጥብ፣ ማርሹን ዜሮ አድርገህ ልቀቀው» የሚለው እዚሁ ላይ ነው። ታዲያ ምን ይሆናል? ሞተሩ መኪናውን መያዝ ይተዋል፣ ጭነቱ ሁሉ ፍሬን ላይ ያርፋል፣ ፍሬኑ ይግላል። የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም! በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ታች አለ፤ ኩርባዎቹ ግን ከድልድዩ በፊት ናቸው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ደጀን ላይ ቁም። ፍሬንና ጎማ እይ። ከላይ ጀምረህ በከባድ ማርሽ ውረድ። እግርህ ከነዳጅ ከተነሳ ሞተሩም ብዙ አይጠጣም። ቢቆጣ «እሺ ጋሼ» በል እንጂ ማርሹን አትንካ። አሻፈረኝ ካለ ደጀን ላይ ውረድ፤ መኪና ሌላም አለ።