ከፊተኛው ወይስ ከኋለኛው?

የወንድሜ ልጅ «ሃልፍ ላይፍ ሁለት» የተባለውን የቪዲዮ ጨዋታ አስጀመረኝ። የፊተኛውን ሳላውቅ ኋለኛውን መጀመሬ ቅር ቢለኝ፣ «ጋሼ፣ በአሮጌው ጊዜዎን አያጥፉ» አለኝ። እኔ ግን ነገርን ከሥሩ ማወቅ ልማዴ ነውና እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ወጣው ወደ መጀመሪያው ተመለስሁ።

እርግጥ ነው፤ የሰዎቹ ፊት ከእንጨት የተጠረበ ይመስላል፤ ዝላይ የበዛበት የመጨረሻው ክፍልም ያደክማል። ይሁን እንጂ የፊዚክስ ሊቁ ጎርደን ፍሪማን በኒው ሜክሲኮ ባለው የምርምር ጣቢያ ታዝዞ የናሙናውን ጋሪ ወደ ጨረሩ ሲገፋ፣ የገፋሁት እኔው ነበርሁ። የሌላ ዓለም ፍጥረቶች የገቡበት በር የተከፈተው በዚያች ቅጽበት ነው።

ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን ሁለተኛውን እንደ ገና ጀመርሁት። በዚያ የተጨቆነው ሕዝብ ፍሪማንን እንደ አዳኝ ይቀበለዋል። ይህ አቀባበል አስቀድሞ ደስ አሰኝቶኝ ነበር፤ አሁን ግን አሳፈረኝ። የሚያመሰግኑት እጅ ጋሪውን የገፋው እጅ መሆኑን አውቄአለሁና።

ኋለኛው ያለ ፊተኛው አይገባም አልልም፤ ይገባል። ዳሩ ግን ምስጋናው ዕዳ እንዳለበት አይታወቅም። ስለዚህ ጊዜ ያለው ሰው ከፊተኛው ይጀምር፤ ለልጁም የነገርሁት ይህንኑ ነው።