ዘርህን ምረጥ

ዋርክራፍት 3ን በኢንተርኔት የተጫወታችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት «ሬስ» የምትል ምርጫ አለች። ሂውማን፣ ኦርክ፣ አንዴድ፣ ናይት ኤልፍ፣ ወይም ራንደም። ላልተጫወታችሁ፦ ወርቅና እንጨት ሰብስባችሁ ሰፈር ትገነባላችሁ፣ ጦር ታወጣላችሁ፣ የሌላውን ሰፈር ታፈርሳላችሁ። በቃ።

ይህቺን «ሬስ» ለእህቴ ልጅ በአማርኛ ልነግረው ስል አፌ ላይ ቀረች። ዘርህን ምረጥ ልበለው? እኛ አገር ይህን የሚጠይቅህ ቀበሌ ነው፤ እዚያ ደግሞ ራንደም የሚባል ነገር የለም። ልጁ ግን የኔ ጭንቀት አልገባውም። «ጋሼ፣ ጥሩዎቹ የትኞቹ ናቸው?» አለኝ።

ጥያቄው የሱ ብቻ አይደለም። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጭራቆች መጽሐፍ ኦርክ ገና ከስሙ ሥር «ክፉ» ተብሎ ተመዝግቧል። አሳታሚው የኦርክን አቀራረብ እናስተካክላለን ያለው በ2020 ነው። ክፉ ዘር ለጌም ሠሪ ይመቻል፤ ስትገድለው ለምን የሚልህ የለም። በ2002 የወጣው ዋርክራፍት 3 ግን ነገሩን አወሳሰበው። ኦርኮቹን ያሳበዳቸው የአጋንንት ደም መጠጣታቸው ነው፤ መሪያቸው ትራል በሰዎች እጅ በባርነት ያደገ ነው። የአንድ ከተማ ሕዝብ የሚጨፈጭፈውና በኋላም አባቱን የሚገድለው አርታስ ደግሞ የሰው ልጅ፣ ያውም ልዑል ነው። ይህን ሁሉ አስረድቼው «እሺ፣ ግን ኦርክ አልሆንም፣ ያስጠላል» አለኝ። ምን ትለዋለህ?

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር ሁለት ለሁለት እንጫወታለን፤ እሱ ውጭ አገር ነው። እኔ ሂውማን፣ እሱ አንዴድ። የኔ ፓላዲን ሆሊ ላይት የሚባል ፈውስ አለው። የራሴን እግረኛ ያድናል፤ የጓደኛዬን ወታደሮች ግን ሙታን ስለሆኑ አያድናቸውም። የሱ ዴዝ ኮይልም የኔን ሕያዋን አይፈውስም። አንድ ወገን ነን፣ ጠላታችን አንድ ነው፣ መድኃኒታችን ግን አይሻገርም። ጌሙ ውስጥ ከዚህ የበለጠ እውነት የሆነ ነገር አላየሁም። እኛም መላ አበጀን፤ የኔ እግረኞች ፊት ይቆማሉ፣ የሱዎቹ ከኋላ ይገባሉ።

ጦርነቱ ሲጀመር የምናነበው ዜና ለየቅል ሆነ። ዩክሬኖች የሩሲያን ወታደር «ኦርክ» ይሉታል። እኛ ቃል መበደር አላስፈለገንም፤ ጅብ ነበረን። ያን ሰሞን እኔ በማከብራቸው ሰዎች ገጽ ላይ የሱ ወገኖች ምን ተብለው እንደተጻፉ አይቻለሁ፤ እሱም እንዳየ አውቃለሁ። አንድም ቀን አላነሳነውም። ጨዋታውንም አላቋረጥንም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ዘር መርጠህ የምትገባበት ጨዋታ ላይ ዘር አለማንሳት ይቀልላል።

እናቱ ያሉበት ከተማ ስልክ ከተቋረጠ ወራት አልፈው ነበር። አንድ ማታ ሦስተኛው ጨዋታ ላይ «እማማን አገኘሃቸው?» አልኩት። ማይኩ ክፍት ነው፤ የክፍሉ ድምፅ ይሰማኛል። «አላገኘኋትም» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ወርቅ አልቆብኛል፣ ላክልኝ» አለኝ። ያለኝን ሁሉ ላክሁለት።